የ6 ቁጥር ዘንግ ስንት ግራም ላይን ይፈልጋል? ከጣና ዳር የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር መግቢያ

እጄ ላይ ያለው የአሳ ማጥመጃ ዕቃ ይህ ነው። አንድ ባለ 9 ጫማ የግራፋይት ፍላይ ዘንግ፣ አራት ቦታ የሚነቃቀል፣ ከእጀታው በላይ 6 ተብሎ የተጻፈበት። አንድ አሮጌ ባለ 8 ጫማ ተኩል የፋይበርግላስ ዘንግ፣ ቁጥሩ ተፍቆ የጠፋ። ሁለት ሪል፣ ማለትም የላይን መጠቅለያ። አራት ላይን፣ ማለትም የመወርወሪያ ክር፦ ዲቲ 6 (ሁለቱም ጫፉ የቀጠነ)፣ ደብልዩኤፍ 6 እና ደብልዩኤፍ 7 (ክብደታቸው ወደ ፊት የተሰበሰበ)፣ እና ከአሮጌው ሪል ጋር የመጣ፣ ምንም ያልተጻፈበት ቢጫ ላይን።

ችግሩ ደግሞ ይህ ነው። ግራፋይቱን ከዲቲ 6 ጋር አድርጌ ከሽምብጥ፣ ከጣና ሐይቅ ዳር ስወረውር ላይኑ አይሄድም። ዘንጉ ግትር ብሎ ይቀራል። ፍላዩ እዚያው ፊት ለፊቴ ተጠቅልሎ ይወድቃል። ቁጥሩ ግን ገጥሟል፤ 6 በ6 ነው።

ለማያውቀው ሰው፦ በተለመደው መንጠቆ ክሩን ይዞ የሚሄደው እርሳሱ ነው። ፍላዩ ግን መንጠቆ ላይ የታሰረ ላባና ክር ነው፤ ክብደት የለውም። የሚወረወረው ላይኑ ራሱ ነው። ላይኑ በክብደቱ ዘንጉን ያለምጠዋል፣ ዘንጉ ሲቃና ላይኑን ያስወነጭፈዋል። ላይኑ ከቀለለ ዘንጉ አይለመጥም። ከከበደ ደግሞ ዘንጉ ጎብጦ ለመመለስ ይዘገያል። ስለዚህ ሥራው ሁሉ ሁለት ነገር መለካት ነው፤ የላይኑን ክብደትና የዘንጉን ግትርነት።

ለዚህ ሥራ ኅዳርን የመረጥኩት በምክንያት ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ አሳው ለመራባት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ይወጣል። በዚያን ጊዜ በወንዞቹ አፍ ላይ የሚጠመደው እንቁላል የያዘ አሳ ነው። ያኔ ዘንጌን አላወጣም፤ ማንም ባያወጣ ደስ ይለኛል። አሁን ግን አሳው ወደ ሐይቁ ተመልሷል፣ ዝናቡም ቆሟል።

ላይኖቹን መመዘን

የላይን ቁጥር የመጣው ከክብደት ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የአሳ ማጥመጃ ዕቃ አምራቾች ማኅበር ኤኤፍቲኤምኤ አንድ መለኪያ አወጣ። ከዚያ በፊት ላይን በፊደል ነበር የሚለየው፤ ፊደሉም ውፍረቱን ነበር የሚናገረው። ላይን ሁሉ ሐር በነበረበት ዘመን ይህ ይሠራ ነበር። ናይለንና ዳክሮን ሲመጡ ግን ያው ውፍረት የተለያየ ክብደት ሆነ። ስለዚህ የላይኑ የመጀመሪያ 30 ጫማ፣ ማለትም 9.14 ሜትር፣ ይመዘን ተባለ። መለኪያው ግሬይን የሚባል ትንሽ የክብደት አሃድ ነው፤ ወደ ግራም ሲመለስ እንዲህ ይሆናል፦ ቁጥር 4፣ 7.8 ግራም። ቁጥር 5፣ 9.1። ቁጥር 6፣ 10.4። ቁጥር 7፣ 12.0። ቁጥር 8፣ 13.6።

በቁጥሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ መሆኑን ልብ በሉ። በ6 እና በ7 መካከል 1.6 ግራም ብቻ ነው። የቤቱ የማድ ቤት ሚዛን በአንድ አንድ ግራም ነው የሚቆጥረው፤ ሞከርኩት፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ያው ላይን አንዴ 10፣ አንዴ 11 ይላል።

መፍትሔው ወርቅ ቤት ነበር። የወርቅ ሚዛን የግራም መቶኛ ድረስ ያነባል፣ ነፋስ እንዳይነካውም በመስታወት ተከልሏል። ገበያ አጠገብ ያለ አንድ ወርቅ ቤት ገብቼ ነገሩን አስረዳሁ። ባለቤቱ ላይኑን በጣቱ እያሸ «ወንድሜ፣ ይህ ከወርቅ ነው እንዴ የሚሸጠው?» አለኝ። ዋጋውን ስነግረው ደንገጥ ብሎ ሚዛኑን አስጠጋልኝ። ጥሩ ላይን ውጭ አገር ከ60 እስከ 130 ዶላር ይሸጣል፤ የማስመጫውን ወጪ ሳይጨምር ማለት ነው። አዲስ መግዛት ሳይሆን ያለውን ማወቅ ላይ ያተኮርኩትም ለዚህ ነው።

አመዛዘኑ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ላይኑን ቀድሜ በሳሙና ውኃ አጥቤ አድርቄዋለሁ፤ እርጥብ ላይንና ቆሻሻ የያዘ ላይን ያጭበረብራሉ። ከጫፉ ያለውን ቀጥ ያለ አጭር ክፍል መለኪያው ስለማይቆጥረው ዘልዬ ጀመርኩ። ከዚያ 9.14 ሜትሩን በሜትር ለክቼ በቀይ ክር ምልክት አሰርኩ። በሚዛኑ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጦ ወደ ዜሮ መለሰው። ላይኑን እስከ ቀዩ ክር ድረስ ሳህኑ ውስጥ ጠቀለልኩት። የቀረው ላይንና ሪሉ ከሚዛኑ ውጭ ነው፤ ዝቅ ካለ ሳህኑን ይጎትተዋል፣ ከፍ ካለ ያነሣዋል። ስለዚህ ሪሉን በሁለት የሂሳብ መዝገቦች ላይ አድርገን ከሳህኑ አፍ ጋር እኩል አደረግነው። ቁጥሩ መወዛወዝ ያቆመው ያኔ ነው።

ውጤቱ፦

ዲቲ 6፣ 10.3 ግራም። ልክ ነው።
ደብልዩኤፍ 6፣ 11.4 ግራም። በ6 እና በ7 መካከል።
ደብልዩኤፍ 7፣ 13.1 ግራም። ወደ 8 የተጠጋ።
ቢጫው ያልተጻፈበት፣ 12.1 ግራም። ልክ 7።

ሁለቱ ደብልዩኤፎች ከጻፉት በላይ ይመዝናሉ። ይህ የፋብሪካ ጉድለት አይደለም። ዛሬ ዘንጎች ግትር ስለሆኑ አምራቾች ላይኑን ሆን ብለው ግማሽ ቁጥር ወይም ሙሉ ቁጥር ያከብዱታል። አንዳንዶቹ በካርቶኑ ላይ ይጽፉታል፣ አንዳንዶቹ አይጽፉትም። ገዢው ግን 6 የሚለውን አይቶ 6 የገዛ ይመስለዋል። ይህ አሠራር አይመቸኝም። ግራሙን በግልጽ መጻፍ ይገባል።

ያው ላይን፣ ሌላ ርዝመት

ወርቅ ቤቱ ሥራ ስላልበዛበት አንድ ተጨማሪ ነገር መዘንኩ። ዲቲ 6ን በተለያየ ርዝመት።

6 ሜትር ብቻ ሲወጣ 6.5 ግራም። ይህ የ3 ቁጥር ላይን ክብደት ነው። 9.14 ሜትር ሲወጣ 10.3፣ ማለትም 6። 12 ሜትር ሲወጣ 13.8፣ ማለትም 8 ሆነ።

ይህ ነው የሽምብጡን ነገር የፈታልኝ። እኔ ከዳር ስወረውር ከዘንጉ ጫፍ ውጭ አየር ላይ የማመላልሰው ላይን አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሜትር ነው። ከኋላዬ ደንገል አለ፤ ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ከለቀቅኩ ፍላዩ ደንገሉ ላይ ይቀራል። ውኃው ውስጥ ገብቼ ከደንገሉ ልራቅ እንዳልል በጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ከድንጋይ ላይ ነው የምቆመው። ስለዚህ ዘንጉ 6 ተብሎ ለ10 ግራም የተሠራ ቢሆንም እኔ የማሸክመው ከ6.5 እስከ 9 ግራም ያህል ነበር። ግትር ማለቱ አይገርምም።

ቁጥሩ በ9.14 ሜትር ላይ ነው የሚሠራው። ከዚያ ባጠረም ባረዘመም ሌላ ላይን ይዛችኋል ማለት ነው።

ዘንጎቹን መለካት

የዘንጉ ቁጥር ግን እንደ ላይኑ ስምምነት የለውም። አምራቹ በራሱ ስሜት ነው የሚጽፈው። የአንዱ 6 የሌላው 7 ሊሆን ይችላል።

ዊሊያም ሃነማን የሚባል አሜሪካዊ ለዚህ ቀላል ዘዴ አውጥቷል፤ ኮመን ሴንትስ ሲስተም ይባላል። ዘንጉን አግድም ታስራለህ። ጫፉ ላይ ከረጢት ታንጠለጥላለህ። ጫፉ የዘንጉን ርዝመት አንድ ሦስተኛ እስኪወርድ ድረስ ከረጢቱ ውስጥ የአሜሪካ ሳንቲም ትጨምራለህ። ከ1982 እ.ኤ.አ. በኋላ የተሠራ አንድ ሳንቲማቸው 2.5 ግራም ነው፤ የሳንቲሙ ብዛት የዘንጉን ግትርነት ይናገራል።

እኔ ጋ የአሜሪካ ሳንቲም የለም። ውኃ ግን አለ። አንድ ሚሊ ሊትር ውኃ አንድ ግራም ነው። ከፋርማሲ ባለ 10 ሚሊ ሲሪንጅ ገዛሁ፤ ለዚህ ሥራ ያወጣሁት ትልቁ ወጪ ከትራንስፖርት ሌላ ይኸው ነው። ቀጭን ፌስታል በክር አስሬ ጫፉ ላይ አንጠለጠልኩ።

ዘንጉን በእጅ መያዝ አይሠራም፤ እጅ ይወርዳል። ወንበር ላይ ማሰርም አልሠራም፤ ክብደቱ ሲጨምር ወንበሩ ያዘነብላል። በመጨረሻ እጀታውን ከከባዱ የእንጨት ጠረጴዛ ጋር በአናጺ ማጥበቂያ፣ በመካከል ጨርቅ አድርጌ አጠበቅኩት። ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጥፌ የጫፉን መነሻ ቦታ በእርሳስ አሰመርኩ። ለግራፋይቱ ከዚያ 91 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች ሌላ መስመር፤ ለግላሱ 86 ሳንቲ ሜትር።

ከዚያ ውኃ። መጀመሪያ በአሥር በአሥር ሚሊ፣ ጫፉ ወደ መስመሩ ሲቀርብ በአንድ በአንድ። ግራፋይቱ 165 ግራም ላይ መስመሩን ነካ። ግላሱ 118 ላይ።

ቁጥሩ ብቻውን ብዙም አይናገርም፤ ማነጻጸሪያ ይፈልጋል። 7 ተብሎ የተጻፈበት ዘንግ ያለው ጓደኛ አለኝ፤ ተውሼ በዚያው ጠረጴዛ ላይ አሰርኩት። 168 ግራም። የኔ «6» ከሱ 7 ጋር የሚለየው በ3 ግራም ነው። በተግባር 7 ነው ማለት ነው።

ይህ ግትርነት ነው። አክሽን ሌላ ነገር ነው፤ ሰዎች ሁለቱን አንድ አድርገው ያወራሉ። ግትርነት ዘንጉን ለማለመጥ ስንት ኃይል ይፈልጋል ነው። አክሽን ደግሞ የቱ ጋ ነው የሚለመጠው ነው። ጫፉ ብቻ ከተለመጠ ፈጣን ይባላል፤ እስከ ወገቡ ከሆነ መካከለኛ፤ እስከ እጀታው ከወረደ ዘገምተኛ። ግትር ሆኖ ዘገምተኛ የሆነ ዘንግ አለ፤ ልፍስፍስ ሆኖ ፈጣን የሆነም አለ።

አክሽኑን ለመለካት ጫፉ ላይ ቀጥ ያለ የገለባ ዘንግ በፕላስተር ለጠፍኩ። ዘንጉ አንድ ሦስተኛ በወረደበት ሁኔታ ገለባው ከአግድሙ ስንት ዲግሪ እንዳዘነበለ በተማሪ ፕሮትራክተር ማንበብ ነው። በሃነማን መለኪያ ከ66 ዲግሪ በላይ ፈጣን፣ ከ59 በታች ዘገምተኛ ነው። ግራፋይቱ 70። ግላሱ 57።

አሁን ነገሩ ግልጽ ሆነ። ግራፋይቱ ግትርም ፈጣንም ነው፣ ስሙ ግን 6። ግላሱ ወደ 5 የሚጠጋ፣ ዘገምተኛ።

ሜዳ ላይ፣ ታኅሣሥ

ከሐይቁ በፊት ሣር ላይ ሞከርኩ። ፍላይ በሌለበት፣ ሊደሩ (ላይኑንና ፍላዩን የሚያገናኘው ቀጭን ክር) ጫፍ ላይ ቁራጭ የሱፍ ክር ብቻ አስሬ። በየ3 ሜትሩ ድንጋይ አስቀመጥኩ። ጠዋት ነበር፣ ነፋስ የለም።

ግራፋይት በዲቲ 6፦ ከ10 ሜትር በታች ምንም አይሰማኝም። እጄ ሁሉን ሥራ ይሠራል። 12 ሜትር አየር ላይ ሲደርስ ግን ድንገት ሌላ ዘንግ ሆነ፤ ወገቡ ሲለመጥ እጄ ላይ ይሰማኛል፣ ሉፑም (ላይኑ አየር ላይ ሲታጠፍ የሚሠራው ቅስት) ጠባብና ንጹሕ ነው። ሚዛኑ የተናገረውን እጄ ደገመው።

ግራፋይት በቢጫው፣ 12.1 ግራም፦ በ7 እና በ8 ሜትር ላይ ዘንጉ ነቃ። ለእኔ ዳር ይህ ነው። ከ14 ሜትር በላይ ማመላለስ ስጀምር ግን ከበደ፤ ሉፑ ተከፈተ።

ግራፋይት በደብልዩኤፍ 7፣ 13.1 ግራም፦ በአጭር ርቀት ደስ ይላል፣ ይሄዳል። ነገር ግን ላይኑ ውኃ ላይ በጥፊ የሚመታ ያህል ነው የሚያርፈው። ጥልቀት በሌለው ዳር ይህ አሳ ያባርራል። ተውኩት።

ግላሱን በዲቲ 6 ሞከርኩት። እስከ 9 ሜትር ድረስ ቆንጆ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ እጅን ሳያደክም ያደርሳል። ከዚያ በኋላ ላይኑ ከሱ በላይ ይሆናል። ጫፉ በቀጥታ መስመር መጓዙን ትቶ መሃል ላይ ይሰምጣል። ጫፉ ሲሰምጥ የላይኛው ላይን የታችኛውን ያቋርጠዋል፤ ሊደሩ ላይ ትንሽ ቋጠሮ ይተዋል። ያቺ ቋጠሮ የቲፔቱን፣ ማለትም የሊደሩን ቀጭን ጫፍ፣ ጥንካሬ ወደ ግማሽ ታወርደዋለች። አንዳንዱ ይህን ነፋስ ያመጣው ነው ይላል። እዚህ ሜዳ ላይ ግን ነፋስ አልነበረም።

ሐይቁ ላይ

ሽምብጥ፣ ማለዳ። ግራፋይቱ፣ ቢጫው ላይን፣ ባለ 9 ጫማ ሊደር፣ በ4 ቁጥር መንጠቆ ላይ ነጭና ግራጫ ስትሪመር። በጣና ካሉት ከ15 በላይ የነጭ አሳ ዝርያዎች ስምንቱ አሳ በል ናቸው፤ ይህ ለጣና ብቻ የተሰጠ ነገር ነው። ስለዚህ ትናንሽ አሳ የሚመስል ፍላይ ነው የማስረው። ቀረሶ ሌላ ነው፣ አምባዛም ሌላ ነው።

ትልቅ ፍላይ ደግሞ የራሱ ጉዳይ አለው። ላባው አየር ይይዛል፤ ቀላል ላይን ሊያዞረው አይችልም። ቢጫው አዞረው። ሊደሩ ተዘርግቶ ፍላዩ ከደንገሉ ጠርዝ ፊት ለፊት አረፈ። ሦስት ጊዜ ያህል ሳብ ሳብ እንዳደረግኩ ክሩ ተወጠረ፤ አንድ ኪሎ የሚሞላ ነጭ አሳ። ዘንጉ እስከ ወገቡ ለመጠ። አሳውን ውኃ ውስጥ እንዳለ መንጠቆውን ነቅዬ ለቀቅኩት።

ከቀትር በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። በታንኳ መረቡን ሊያነሣ የመጣ አንድ ሽማግሌ ሲያየኝ ቆይቶ «አንተ ልጅ፣ ከሰዓት ነፋሱ ከሐይቁ ነው የሚመጣ። በማለዳ ነው እንጂ!» አለኝ። «እሺ አያ» አልኩ፤ ግን ማወቅ የፈለግኩት ይህንኑ ስለነበር ቆየሁ።

ብዙ ሰው ለነፋስ ከባድ ላይን ይላል። በከፊል ነው እውነቱ። ቢጫውን አውልቄ ደብልዩኤፍ 7ን አሰርኩ፤ ልዩነቱ ከጠበቅኩት ያነሰ ነው። ከባዱ ተንሳፋፊ ላይን ወፍራምም ነው፤ ነፋሱ የሚይዘው ሰውነት አለው። የበለጠ የረዳኝ ሉፑን ማጥበብ ነበር፤ የኋላውን ውርወራ ከፍ፣ የፊቱን ዝቅ አድርጎ፣ እጁን በአጭር መንገድ ማስኬድ። ለዚህ ደግሞ ፈጣን ዘንግ ያግዛል። በነፋስ ግላሱን አላወጣውም። በጸጥታ ጠዋት ግን ከግራፋይቱ በፊት እሱን ነው የማነሣው፤ ትናንሽ ፍላዮችን ውኃ ላይ እንደ አመድ ያሳርፋቸዋል።

ዲቲውን መቁረጥ፣ ጥር

ዲቲ ላይን ከሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ነው፤ አንዱ ወገን ሲያረጅ ገልብጠህ ታስረዋለህ። የኔ ዲቲ 6 አንዱ ወገን ልባሱ ተሰነጣጥቋል። ሌላው ወገን ደህና ነው። ስለዚህ ከደህናው ወገን አንድ አጭር ሹቲንግ ሄድ ለመሥራት ወሰንኩ። ከጀልባ ላይ፣ ደብረ ማርያም ወይም ዘጌ አካባቢ፣ ከኋላ ደንገል በሌለበት ረጅም ለመወርወር።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሄዱ ከዘንጉ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ይወጣል፤ ከኋላው ቀጭን ናይለን ይከተለዋል። ቀጭኑ በቀለበቶቹ ውስጥ ሳይቸገር ስለሚያልፍ ርቀቱ ይጨምራል። ጥያቄው ሄዱ ስንት ግራም ይሁን ነው። ሄዱ አየር ላይ አይረዝምም፤ ክብደቱ ቋሚ ነው። ስለዚህ ከዘንጉ ቁጥር አንድ ወይም ሁለት ከፍ ይደረጋል። የኔ ግራፋይት በልኬቱ 7 ከሆነ 13.6 ግራም፣ ማለትም 8፣ ይበቃዋል።

እንደገና ወርቅ ቤት። 12.5 ሜትር ቆርጬ ሄድኩ፤ ሚዛኑ 14.4 አለ። ከወፍራሙ ወገን፣ ከኋላ፣ በ20 ሳንቲ ሜትር በ20 ሳንቲ ሜትር ቀነስኩ። ከፊት መቀነስ አይገባም፤ የቀጠነው ጫፍ ነው ፍላዩን በልስላሴ የሚያሳርፈው። 13.6 ላይ ቆምኩ፤ 11.8 ሜትር ያህል ቀረ። ባለ ወርቁ ቁራጮቹን ሰብስቦ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ እንደ ወርቅ ፍርፋሪ።

መያያዣው ጊዜ ወሰደ። የላይኑን ጫፍ አጥፌ በቀጭን ክር አስሬ በሙጫ ለበጥኩት። በእጅ ስጎትተው ተንሸራተተ፤ ልባሱ ለስላሳ ነው፣ ክሩ አይነክሰውም። በሁለተኛው በናይለን ሦስት ጥብቅ የሚስማር ቋጠሮ አደረግኩበት፣ በላዩ ሙጫ። ያዘ። ቀለበቶቹ ውስጥ ሲያልፍ ትንሽ ይንኳኳል፤ ግን ያልፋል።

ከጀልባ ላይ ሞከርኩት። ዘንጉ በአንድ የኋላ ውርወራ ይለመጣል፣ ማመላለስ አያስፈልግም፣ ናይለኑ ተከትሎ ይወጣል። ችግሩ ናይለኑ ነው፤ በጀልባው ወለል ላይ ይጠላለፋል። ከፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ብጠቀልለው ተሻለ።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ሪሎቹ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌ የላይኑን ግራም በእስክሪብቶ ጽፌአለሁ። የፋብሪካውን ቁጥር አልጻፍኩም። ግራፋይት ከዳር፣ ቢጫው 12.1። ግራፋይት ከጀልባ፣ ሄዱ 13.6። ደብልዩኤፍ 6፣ 11.4 የሚመዝነው፣ ከዳርም ከጀልባም ለምወጣበት ቀን ተጠባባቂ ነው። ደብልዩኤፍ 7ን የ8 ቁጥር ዘንግ ላለው ሰው በሌላ ዕቃ እለውጠዋለሁ።

ግላሱ ልኩን ገና አላገኘም። 118 ግራም ውኃ የወሰደ ዘንግ 9 ግራም የሚሆን ዲቲ 5 ነው የሚፈልገው፤ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ አዝዣለሁ። ሲመጣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሳላምን መጀመሪያ ወደ ሚዛኑ ነው የምወስደው። ለከሰዓቱ ነፋስ ደግሞ ኢንተርሚዲየት (ቀስ ብሎ የሚሰምጥ) ላይን እሞክራለሁ፤ ያው ክብደት ይዞ ከተንሳፋፊው ይቀጥናል፣ ነፋሱ የሚይዘው ያንሳል። እስኪመጣ ድረስ ግላሱ በዲቲ 6 ቀሪ ወገን፣ እስከ 9 ሜትር፣ በማለዳ ብቻ።